ፊደልን በመዳፍ ማኖር፦ በእጅ ለሚሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮችና ካልኩሌተሮች የቁልፍ ገበታ እንዴት ይነደፋል?

በሉጋንዳ ቋንቋ "ከበሮ" ብሎ ለመጻፍ፣ ወይም በኡጋንዳ ሰንደቅ ዓላማ መካከል ቆማ የምትታየውን ባለዘውድ ወፍ በስሟ ለመጥራት፣ ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ኪቦርዶች በግላጭ የማያሳዩት አንድ ፊደል ያስፈልጋል። ፊደሉ ጅራቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ የላቲን "ኤን" ነው። እ.አ.አ. በ1947 የሉጋንዳ አጻጻፍ ሥርዓት ሲወሰን ከቋንቋው ፊደላት እንደ አንዱ ተቆጠረ። የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ግን አያውቀውም ነበርና ጸሐፊዎች "ኤን"ን፣ "ጂ"ንና ከላይ የምትንጠለጠል ጭረትን በማከታተል ይተኩት ያዙ። ልማዱ ዛሬም አልቀረም።

በካምፓላ ካባላጋላና ካንሳንጋ ሰፈሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። "ሰላም" ለማለት የላቲን ፊደል ተበድሮ የጽሑፍ መልእክት ያልላከ ሰው በመካከላቸው ማግኘት ያስቸግራል። ቋንቋን ለገበታ ማስገበር ነው ነገሩ። ገበታውን ለቋንቋ ማስገበርስ ይቻላል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ ጥያቄ የፋብሪካዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እ.አ.አ. በጥር 2021 በ4 ዶላር ለገበያ የቀረበውን ራስበሪ ፓይ ፒኮን የመሰሉ አነስተኛ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች፣ አንድ ተማሪ በትርፍ ጊዜው በመዳፍ የሚያዝ ኮምፒውተር ወይም ካልኩሌተር እንዲሠራ አስችለውታል። ኡጋንዳ ውስጥ እ.አ.አ. በ2011 የተመሠረተውና ስሙን "ፈንዲ" ከሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ማለትም ከ"እጀ ብልኅ ሠራተኛ"፣ የወሰደው ፈንዲ ቦትስ የተባለ ድርጅት የተማሪ ቤት ልጆችን ሮቦት በመሥራት የሚያስተምረው በዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው። አንጎሉ፣ ስክሪኑና ባትሪው ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። ተዘጋጅቶ የማይገኘው ለመዳፍ የሚመጥንና የባለቤቱን ቋንቋ የሚናገር የቁልፍ ገበታ ነው፤ በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሁሉ ውሎ አድሮ ገበታውን ራሱ ይነድፋል።

ከቀደሙት ሁለት ማሽኖች

በኪስ የሚያዝ የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ተብሎ የሚታወቀው ኤችፒ-35 እ.አ.አ. በ1972 በ395 ዶላር ሲወጣ ስሙን ያገኘው ከቁልፎቹ ብዛት ነበር፤ 35 ናቸው። የዘመኑ ገበታዎች በሁለት ቁልፎች ማዕከል መካከል 19 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ሲተዉ፣ ንድፍ አውጪዎቹ በሸሚዝ ኪስ እንዲገባ ሲሉ ለቁጥሮቹ 17.5፣ ለቀሩት 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰጡ። ጣት እንዳይሳሳት ያደረጉት ቁልፎቹን በማሳነስና በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በማስፋት ነው። ቁጥሮቹን ከሁሉ አብልጠው አተለቁ፤ ቀለማቸውንም አጎሉ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሲጫኑት "ቀጭ" ብሎ የሚከዳ የተቀለበሰ ብረት አኖሩ፤ ተጠቃሚው ስክሪኑን ሳያይ መጫኑን በጣቱ ያውቃል። ዛሬ ገበታ የሚሠራ ሰው ከዚህ ማሽን የሚማረው ትልቁ ነገር ጠባብ ቦታን የሚያድነው የቁልፍ ማነስ እንጂ የቁልፍ መተለቅ አለመሆኑን ነው። ብዙ ጀማሪዎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.አ.አ. በ1982 የወጣው የብሪታንያው ዜድኤክስ ስፔክትረም ነው። 40 የጎማ ቁልፎች ነበሩት፤ አንዳንዱ ቁልፍ እንደየሁኔታው እስከ አምስትና ስድስት የሚደርስ ተግባር ተሸክሟል። በላዩ፣ በሥሩና በጎኑ የተጻፈበትን አንብቦ መጨረስ ራሱ ሥራ ነበር። ርካሽ ነበረና ተወደደ፤ ገበታውን ግን ያማረረው ብዙ ነው። ቢሆንም ውስጡ ሲታይ ንድፉ ንጹሕ ነው፦ 8 በ5 ሲባዛ 40።

ረድፍ፣ ዓምድና የሌለ ቁልፍ

ይህ 8 በ5 ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት ይገባል። ፒኮ ለውጭ ዕቃዎች የሚያገናኙ 26 እግሮች አሉት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ እግር ቢሰጥ 40 ቁልፍ ማስገባት አይቻልም፤ ቢቻልም ለስክሪኑ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ይሰደራሉ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አንድን ረድፍ ከአንድ ዓምድ ጋር ያገናኛል። ኮምፒውተሩ ረድፎቹን በየተራ እያነቃ ከዓምዶቹ በየትኛው መልስ እንደመጣ ያያል። በዚህ መንገድ 5 ረድፍና 8 ዓምድ በ13 እግር ብቻ 40 ቁልፍ ያስተናግዳሉ፤ 13 እግሮች ለስክሪን፣ ለማስታወሻ ካርድና ለሌላው ይቀራሉ። ይህ አሰዳደር የሽቦ እንጂ የመልክ አይደለም። በላይ በኩል ቁልፎቹ 10 በ4 ሆነው ቢደረደሩ በሽቦው ላይ 5 በ8 ከመሆን የሚያግዳቸው የለም።

ጣጣው የሚመጣው ሦስት ቁልፎች ባንድ ጊዜ ሲጫኑ ነው። ሦስቱ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ላይ ከዋሉ፣ ኤሌክትሪኩ በሦስቱ በኩል ዞሮ ይመጣና ኮምፒውተሩ ማንም ያልነካውን አራተኛ ቁልፍ "ተጫነ" ብሎ ይመዘግባል። መድኃኒቱ በየቁልፉ አንድ ዳዮድ ማስገባት ነው፤ ዳዮድ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። 1ኤን4148 የሚባለው ጥቃቅን ዳዮድ ርካሽ ነው፤ 40ውን አንድ በአንድ መበየድ ግን አንድ ምሽት ይፈጃል።

ሌላው ጣጣ የቁልፍ ንጥረት ነው። ሁለት ብረቶች ሲገናኙ ወዲያው አይረጉም፤ ለጥቂት ሚሊ ሰከንዶች እንደ ወደቀ ኳስ ይነጥራሉ። አንድ ጊዜ የተጫነው "መ" ስክሪኑ ላይ ሦስት "መ" ሆኖ የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው በፕሮግራሙ ውስጥ ነው፦ ቁልፉ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ሳይለዋወጥ መቆየቱን ሳያረጋግጡ አለመቀበል።

231ዱን ወዴት?

የአማርኛ ፊደል ገበታ 33 ቤቶች በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ "ሏ" ያሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ዩኒኮድ እ.አ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ 345 ምልክቶችን መድቧል። እነዚህን በአሮጌው ስልክ ላይ ፊደል በያዙት 8 ቁልፎች ቢያከፋፍሏቸው ለአንዱ ቁልፍ ከ28 በላይ ይደርሰዋል፤ ማንም ዕድሜውን እንዲህ ሲጫን አያሳልፍም።

የቀድሞዎቹ ለዚህ ያበጁት ብልሃት አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የእንግሊዝኛውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ያስገበሩት ኢንጂነር አያና ብሩ፣ ፊደሉን ከነልጆቹ በመኪናው ላይ ለመደርደር ከመሞከር ይልቅ የፊደሉን አካል ከቅጥያው ለይተው በየቁልፉ አኖሩት። አካሉ ይመታል፤ ቀጥሎ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይታከልበታል። በዚህ መንገድ የተጻፈው ጽሑፍ የቁም ጸሐፊዎችን ዓይን አላስደሰተም፤ ቅጥያው ከአካሉ ሸሽቶ ሲንሳፈፍ መታየቱ የታወቀ ነው። አስተሳሰቡ ግን ትክክል ነበር። ስህተቱ የወረቀት ነው፦ ወረቀት ላይ አንዴ የተመታ ፊደል አይታረምም። ስክሪን ላይ ግን አካሉና ቅጥያው ሁለት ቁልፍ ሆነው ቢገቡም፣ የሚታየው አንድ ሙሉ ፊደል ነው። እ.አ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ኮምፒውተርን አማርኛ ካስተማሩት ቀዳሚዎች መካከል የሚጠሩት እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ይህን በር በየፊናቸው ከፍተውታል።

ለመዳፍ ኮምፒውተር ስሌቱን እንሥራው። ከ33ቱ ቤቶች ሞክሼዎቹን፣ ማለትም "ሐ"ን፣ "ኀ"ን፣ "ሠ"ን፣ "ዐ"ንና "ፀ"ን ከወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ቁልፍ ብናስቀምጥና በመቀየሪያ ቁልፍ ብንጠራቸው 28 ቁልፍ ይቀራል። "ቨ" ከ"በ" ጋር ትሁን። የቤቱ ቁልፍ ብቻውን ሲጫን ሳድሱን ይስጥ፤ በአማርኛ ጽሑፍ ሳድስ እጅግ ተደጋጋሚ ነውና ብዙ ጭነት ያድናል። ከዚያ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ፣ ለራብዕ፣ ለኃምስና ለሳብዕ ስድስት ቁልፎች፣ ለዲቃላ አንድ ይጨመራሉ። ድምሩ 35 ነው፤ እንደ ኤችፒ-35 መሆኑ ለጨዋታ ያህል ይነሳል። የክፍተት፣ የመሰረዣ፣ የመግቢያ፣ የመቀየሪያና የቁጥርና ምልክት ቁልፎች ሲታከሉ 40 ሞላ።

"ሰላም" ለመጻፍ የ"ሰ" ቤት ከግዕዝ ጋር፣ የ"ለ" ቤት ከራብዕ ጋር፣ ከዚያ የ"መ" ቤት ብቻውን ይጫናል፤ አምስት ጭነት፣ በላቲን ሲጻፍ ከሚወስደው ጋር እኩል። በላቲን የሚያስተላልፉ ዘዴዎች "እ"ንና "ኢ"ን ለመለየት ሲቸገሩ ይታያል፤ እዚህ ግን የቅጥያ ቁልፎቹ ራሳቸው ፊደል ስላልሆኑ ግርታ የለም። ማሽኑ በሁለት እጅ ተይዞ በሁለት አውራ ጣቶች ስለሚጻፍበት የቤቶቹን ቁልፎች ለቀኝ፣ የቅጥያዎቹን ለግራ አውራ ጣት መመደብ ይቻላል። አንዱ ጣት ሳይለቅ ሌላው ቢጫንም፣ ተከታትለው ቢጫኑም ውጤቱ አንድ ይሁን፤ ጀማሪው በየተራ ይጫናል፣ የለመደው ባንድ ጊዜ።

ሽቦውም ሳይታሰብ ያግዛል። ስድስቱ ቅጥያዎች፣ ዲቃላውና መቀየሪያው ስምንት ስለሆኑ አንድ ረድፍ በልክ ይሞላሉ፤ የቀሩት 32 በአራቱ ረድፎች ይገባሉ። ጣት አብሮ የሚይዛቸው የአንድ ቤት ቁልፍ፣ ቅጥያና መቀየሪያ ከሆኑ የሌለ ቁልፍ እንዳይመዘገብ ለመከላከል በዚያ አንድ ረድፍ ላይ የሚገቡ 8 ዳዮዶች ይበቃሉ። ነገር ግን ፈጣን ጸሐፊ የመጀመሪያውን ቤት ሳይለቅ ሁለተኛውን ይጫናል፤ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ረድፍ ከዋሉ ያልተጫነ ቅጥያ ሊመዘገብ ይችላል። ማሽኑ ለዘለቄታው የሚፈለግ ከሆነ 40ውንም መበየድ ይሻላል።

ስለ አደራደሩ ክርክር አለ። በ"ሀ ለ ሐ መ" ተራ ይሁን የሚሉ ሁሉም ከፊደል ገበታ ያውቀዋል ይላሉ። እውነቱ ግን አብዛኛው ሰው በቃሉ የያዘው "ሀ ሁ ሂ"ን ወደ ጎን ነው፤ ወደ ታች "ጠ" የት እንዳለች ለማግኘት ከላይ ጀምሮ መቁጠር ያስፈልገዋል። የተሻለው ተመሳሳዮችን ማጎራበት ይመስላል፦ "ሰ"ን ከ"ሸ"፣ "ተ"ን ከ"ቸ"፣ "ነ"ን ከ"ኘ"፣ "ደ"ን ከ"ጀ"፣ "ጠ"ን ከ"ጨ"። ዓይን ቤተሰቡን ካገኘ ልጁን አያጣም።

የፊደሎቹን ቅርጽ በማሽኑ ውስጥ ማስቀመጥ ከሚፈራው በታች ነው። 345ቱ ምልክቶች እያንዳንዳቸው 16 በ16 ነጥብ ቢሳሉ 32 ባይት ይወስዳሉ፤ በጠቅላላው 11 ኪሎ ባይት ያህል። ፒኮ 2 ሜጋ ባይት ማስቀመጫ አለው።

የአንድ ፊደል ዋጋ

ወደ ሉጋንዳ እንመለስ። እዚያ ያለው ችግር የብዛት ሳይሆን የአንድ ፊደል ነው፤ ምናልባትም ቸል የተባለው ለዚህ ነው። መተኪያው ጭረት በሉጋንዳ ሌላ ሥራም አለው፦ ሁለት ቃላት ሲገናኙ የተዋጠውን አናባቢ ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ቃል በሁለት መልክ ይጻፋል፤ በአንዱ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። የኤርትራው ብሊን ቋንቋ ይህንኑ ድምፅ በግዕዝ ፊደል ሲጽፍ "ጘ" የተባለ የራሱ ቤት ተሰጥቶታል፤ ያ ዕድል ለሉጋንዳ በፊደል ደረጃ ተሰጥቶ በቁልፍ ደረጃ ተነፈገ።

ለንድፍ አውጪው መፍትሔው ቅርብ ነው። ሉጋንዳ በፊደል ተራው ውስጥ "ኤች"ን፣ "ኪው"ንና "ኤክስ"ን አይቆጥርም። የ"ኤክስ" ቁልፍ ባለጅራቱን "ኤን" ይስጥ፤ ኡጋንዳ ውስጥ እንግሊዝኛም ስለሚጻፍ "ኤክስ" ራሱ በመቀየሪያ ይጠራ። አንድም ቁልፍ አልተጨመረም።

ማሽኑ በስልክ መስመር አጭር መልእክት የሚልክ ከሆነ ግን አንድ የተደበቀ ክፍያ አለ። የአጭር መልእክት ሥርዓት በመሠረታዊ የላቲን ፊደላት የተጻፈን 160 ምልክት በአንድ መልእክት ይቀበላል። ከዚያ መዝገብ ውጭ የሆነ አንድ ፊደል ከገባ ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ ሌላ አሰፋፈር ይዞርና ጣሪያው ወደ 70 ይወርዳል። አማርኛ ሁልጊዜ በ70 ነው። ሉጋንዳ ደግሞ ፊደሉን በትክክል የጻፈ ዕለት ከ160 ወደ 70 ይወርዳል፤ ረዘም ያለ መልእክት የሁለት ወይም የሦስት ዋጋ ያስከፍላል። ትክክለኛ አጻጻፍ በገንዘብ የሚቀጣበት ሥርዓት ነው፤ ንድፍ አውጪው ሊያስወግደው አይችልም፣ የቀረውን ቦታ በስክሪኑ ጥግ በቁጥር ማሳየት ግን ይችላል።

ካልኩሌተር ከሆነስ?

ለካልኩሌተር ነገሩ ይቀላል። ቁጥሮቹ 7፣ 8፣ 9ን ከላይ ያድርጉ ወይስ 1፣ 2፣ 3ን? የስልክ ቁልፎች 1ን ከላይ ያደረጉት የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ልዩ ልዩ አደራደሮችን በሰዎች ላይ ሞክሮ እ.አ.አ. በ1960 ካወጣው ጥናት በኋላ ነው፤ የሒሳብ መኪናዎች ግን 7ን ከላይ ማድረግ ቀድመው ለምደዋል። ባለሱቅ ለሚጠቀምበት ማሽን የሱቁን ልማድ መከተል ይበጃል።

ቁልፍ ለማሳነስ የፈለገ ሰው የኤችፒ-35ን የአሠራር ቋንቋ ሊያስብበት ይችላል፦ መጀመሪያ ቁጥሮቹ፣ ቀጥሎ ድርጊቱ ይገባል። 3 እና 4ን ደምሮ በ5 ለማባዛት 3፣ መግቢያ፣ 4፣ መደመሪያ፣ 5፣ ማባዣ፤ ስድስት ጭነት ነው። በቅንፍ ሲጻፍ ስምንት ይሆናል። የቅንፍና የእኩል ይሆናል ቁልፎች ጨርሶ አያስፈልጉም። ለመልመድ ግን አንድ ሳምንት ይፈልጋል፤ የተዋሰው ጎረቤትም ግራ ይጋባል።

ተማሪዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። የኡጋንዳ ብሔራዊ የፈተናዎች ቦርድ በሒሳብ ፈተና የሚፈቅደው ድምፅ የማያሰማና ፕሮግራም የማይቀበል ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ነው። በእጅ የተሠራ ማሽን በባሕርይው ፕሮግራም ይቀበላልና ለቤት ሥራ እንጂ ለፈተና አዳራሽ አይሆንም።

ከወረቀት እስከ ናስር መንገድ

ምንም ነገር ከመበየዱ በፊት ገበታው በልኩ በወረቀት ታትሞ በወፍራም ካርቶን ላይ ይለጠፍ። 40 ቁልፍ በ10 በ4 አሰላለፍ፣ በ9 ሚሊ ሜትር ርቀት 90 በ36 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በሁለት እጅ ለመያዝ ተስማሚ ነው። ካርቶኑን ይዞ ግማሽ ሰዓት "መጻፍ" አውራ ጣት የማይደርስባቸውን ማዕዘኖች ያሳያል። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ሰሌዳውን እንደገና ይሠራል።

ለቁልፉ በብዛት የሚገኘው 6 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነው "ቀጭ" ባይ መጫኛ ነው። ጉዞው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ጥንካሬው ይለያያል፤ 160 ግራም ክብደት የሚፈልገውን መምረጥ እንጂ 260ውን መግዛት አይገባም፤ ከአንድ ገጽ በኋላ አውራ ጣትን ያማል። ሌላው ምርጫ ከተበላሸ ካልኩሌተር ወይም ከቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ የጎማውን ምንጣፍ ማውጣት ነው፤ ከሥሩ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ለካምፓላ አየር ይህ መልካም ነው። ከተማዋ በዓመት ሁለት ዝናባማ ወቅቶች አሏት፤ በመካከላቸው ደግሞ ቀዩ የመንገድ አቧራ በሁሉም ስንጥቅ ይገባል፤ የጎማ ምንጣፍ ሁለቱንም ያግዳል። ጉድለቱ የነጠብጣቦቹ ቦታ ቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ ሰሌዳው ለምንጣፉ መታጠፍ አለበት።

ሰሌዳውን በቤት ውስጥ በፈሪክ ክሎራይድ የሚያወጣ ሰው የቀረውን ፈሳሽ ወደ ቦይ እንዳይደፋ ያስፈልጋል። የካምፓላን ጎርፍ የሚሸከመው የናኪቩቦ ቦይ የሚያበቃው በቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ለሽፋኑ ብረት ቀጥቅጦ በመሥራት ስሙ የሚነሳው የካትዌ ሰፈር አለ፤ ቀጭን ብረት በ40 ቀዳዳ ከቁልፎቹ በላይ ሲጋደም ቁልፎቹ አይወላወሉም።

የመጨረሻው ሥራ ጽሑፉን በቁልፎቹ ላይ ማኖር ነው። ናስር መንገድ በማተሚያ ቤቶቿ የታወቀች ናትና ተለጣፊ ወረቀት ማሳተም አያስቸግርም። ፊደሎቹ በጣት እንዳይፋቁ በገላጭ ፕላስቲክ ጀርባ ላይ ተገልብጠው ይታተሙ፤ ጣት የሚነካው ፕላስቲኩን ይሆናል። ፋይሉ ከመላኩ በፊት ግን ፊደላቱ ወደ ሥዕል መስመር መለወጣቸውን ማረጋገጥ ያሻል። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ከሌለው በ"ሀ" ፋንታ ባዶ ሳጥን ያትማል፤ ባለጅራቱ "ኤን"ም ያው ሳጥን ሊሆን ይችላል።